ዋናው በር ሲዘጋ፦ የብሪቲሽ ላይብረሪ ብሎጎች ታሪክ

ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 2023። የዚያን ዕለት ጠዋት ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ምንም ነገር አልሠራ አለ። ድረ ገጹ ጠፋ። ካታሎጉ ጠፋ። ስልኩ ተቋረጠ። በንባብ አዳራሾቹ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ሳይቀር ሄደ። 170 ሚሊዮን ያህል መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ካርታ፣ የድምፅ ቅጂና ብራና የያዘ ቤት፣ ምን የት እንዳለ ለአንባቢ መንገር አቃተው።

ይህን ያደረጉት ራይሲዳ የሚባሉ ጠላፊዎች ናቸው። ወደ 600 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ገልብጠው ወሰዱ። የቀረውን ቆለፉ፤ ሰርቨሮችንም አወደሙ። የሰረቁትን በ20 ቢትኮይን ለጨረታ አቀረቡት። ያኔ 600 ሺህ ፓውንድ ገደማ ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፈለም። ፋይሎቹም ኢንተርኔት ላይ ተበተኑ።

ስለ ጠለፋው ብዙ ተብሏል። እኔን የያዘኝ ግን በዚያ ሁሉ መሀል ሳይወድቅ የቀረ አንድ ነገር ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ብሎጎች እንደ ወትሮው ይከፈቱ ነበር። ብሎጎቹ የተቀመጡት በቤቱ ሰርቨር ላይ አልነበረም፤ ታይፕፓድ የሚባል፣ የሰዎችን ብሎግ የሚያስቀምጥ የውጭ ድርጅት ዘንድ ነበሩ። እሳቱ ዋናውን ቤት ሲበላ ከግቢው ውጭ የቆመችው ትንሽ ጎጆ ተረፈች።

ጎጆዋ ባዶ ብትሆን ኖሮ መትረፏ ብዙ ባልጠቀመ ነበር። ሰው የለመዳት፣ እየመጣ የሚያያት ስለነበረች ነው በክፉ ቀን የጠቀመችው። ስለዚህ ታሪኩን ከጠለፋው በፊት ልጀምር። የውጭ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ተዋጊውና ቀንድ አውጣው

የቤተ መጻሕፍቱ የመካከለኛው ዘመን ብራናዎች ክፍል ብሎግ የከፈተው በ2010 ነው። የሚጽፉት ብራናዎቹን በእጃቸው የሚያገላብጡት ባለሙያዎች ራሳቸው ነበሩ። ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል የተተወ ሥራ አልነበረም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ነው።

በሴፕቴምበር 2013 የወጣውን አንድ ጽሑፍ ልንገራችሁ። ባለሙያዎቹ የነገሥታት የዘር ሐረግ የተጻፈባቸውን ጥቅል ብራናዎች ሊያዩ ወደ ማከማቻው ይገባሉ። የመካከለኛው ዘመን ባለሙያ ያልሆነ አንድ ባልደረባ አብሯቸው አለ። እሱ ብራናው ላይ አንዲት ትንሽ ሥዕል ያያል። መሣሪያ የታጠቀ ተዋጊ ከቀንድ አውጣ ጋር ይፋለማል! ባልደረባው ግራ ይገባዋል። ለባለሙያዎቹ ግን ብርቅ አልነበረም። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የአውሮፓ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይህ ፍልሚያ ደጋግሞ ይመጣል። ስላዩት ብዛት መገረሙን ትተውታል።

የባልደረባቸው ግርምት ቀሰቀሳቸውና ጻፉት። ሥዕሎቹን ደረደሩ። ሊቃውንት እስከዚያ ድረስ የሰጡትን ግምት አስቀመጡ። አንዱ የትንሣኤ ምሳሌ ነው ብሏል። ሌላዋ ደግሞ ሎምባርዶች የሚባሉትን የጣሊያን ሰዎች መዝለፊያ ነው ብላለች። ከዚያ ቁርጥ ያለ መልስ እንደሌለ በግልጽ ተናገሩና አንባቢውን እናንተስ ምን ትላላችሁ ብለው ጠየቁ። ጽሑፉ አገር አዳረሰ። ብራና የሚባል ነገር በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ኅዳግ ሥዕል ማውራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ ተቋም ብሎግ ሲከፍት የሚጽፈው ስለ ራሱ ነው። የእገሌ ጉብኝት፣ የእገሌ ንግግር፣ የስምምነት ፊርማ፣ የቡድን ፎቶ። ይህን የሚያነብ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። የቀንድ አውጣው ጽሑፍ ግን ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ምንም አያወራም። በቤቱ ውስጥ ስላለ አንድ ነገር ያወራል። አንባቢው ነገሩን ሲወድ ቤቱንም አብሮ ወደደ። ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይነት የለበትም። አላውቅም፣ አብረን እንይ የሚል ተቋም ሰው ይቀርበዋል።

ሁሉንም ነገራቸውን አላደንቅም። በ2012 ኤፕሪል 1 ቀን፣ ፈረንጆቹ በሚሸዋወዱበት ዕለት፣ በተረት ብቻ ያለውን ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ፣ የዩኒኮርንን ሥጋ አሠራር የሚያስተምር የመካከለኛው ዘመን የምግብ መጽሐፍ ተገኘ ብለው ጻፉ። ቀልዱን የወደዱት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ይከብደኛል። ልማዱ በሌለበት አገር ያለ አንባቢ አገኘነው የሚለውን ቃል እንዳለ ይወስደዋል። የቤተ መጻሕፍት ቃል ደግሞ መታመን አለበት።

የመቅደላ ብራናዎች

ይህ ጉዳይ እኛንም የሚነካበት በኩል አለ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው ብዙ መጻሕፍት ተወሰዱ። ከእነዚያ ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ካታሎጋቸውን ዊልያም ራይት የሚባል ሊቅ አዘጋጅቶ በ1877 አሳትሞታል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ለሊቃውንት የተጻፈ ነው። የመደርደሪያ ቁጥር፣ የቅጠል ብዛት፣ የግዕዝ ጥቅስ፣ ጥብቅ ያለ እንግሊዝኛ። ጎንደር ወይም ዋሽንግተን ያለ ተራ አንባቢ በዚያ ገብቶ የአያቶቹን እጅ ጽሑፍ ሊያይ አይችልም።

ቤተ መጻሕፍቱ የእስያና የአፍሪካ ክምችቱን የሚያስተዋውቅበት ሌላ ብሎግም አለው። የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚያ ላይ ወጡ። በ2018 የኢትዮጵያን የብራና ባህል የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ለንደን ላይ ሲከፈት፣ ክምችቱን የያዘው ኢዮብ ደሪሎ ስለ ብራናዎቹ በዚያ ብሎግ ይጽፍ ነበር። በካታሎጉ አንድ መስመር የነበረው ነገር እዚያ ሥዕልና ታሪክ አገኘ። ሐረጉ፣ ቀለሙ፣ ቁም ጽሕፈቱ፣ ክታቡ በፎቶ ታየ። ብራናውን በዲጂታል ቅጂ ማየት ለሚፈልግም ሊንኩ አብሮ ተቀመጠ።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ያነበብኳቸው ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ናቸው። መጽሐፉ የተጻፈበት አገር ሰው፣ ድጓ እየቆጠረ ያደገ መሪጌታ፣ ስለ ብራናው ከማንም በላይ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ግን ጥያቄው በሚገባው ቋንቋ አልቀረበለትም። የቀንድ አውጣውን እንቆቅልሽ ለአንባቢ የጠየቀ ቤት፣ የግዕዙን ኅዳግ እንቆቅልሽ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ቢጠይቅ ምን መልስ ያገኝ እንደነበር አስቡት። ይህ የታለፈ ዕድል ነው፤ አሁንም ሊሠራ የሚችል ነው።

ሊንኩ ሞተ፣ ምስሉ ቀረ

ወደ ጠለፋው ልመለስ። ጥቃቱ ሲደርስ የዲጂታል ብራናዎቹ ድረ ገጽ አብሮ ጠፋ። በብሎጎቹ ላይ ለዓመታት የተቀመጡት ሊንኮች የትም የማያደርሱ ሆኑ። በጽሑፎቹ ውስጥ የገቡት ፎቶዎች ግን እዚያው ነበሩ፤ ታይፕፓድ ላይ። እናም ለወራት ያህል፣ ብዙ ብራና ከቤተ መጻሕፍቱ በኩል ሊታይ የሚችለው በድሮ የብሎግ ጽሑፍ ውስጥ በገባች አንዲት ፎቶ ብቻ ነበር። ለማሳመር ተብሎ የገባ ምስል የዕቃው ብቸኛ መስኮት ሆነ ማለት ነው።

ይህን ማንም አላቀደውም። ግን አንድ ልማድ ያስተምረናል። ብሎግ ላይ ስለ አንድ ዕቃ ስትጽፉ ሊንክ ብቻ አስቀምጣችሁ አትለፉ። ፎቶውን አስገቡት። የመደርደሪያ ቁጥሩን በቃል ጻፉት። ዘመኑን፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚል ጽሑፉ ራሱ ይናገር። ሊንኩ የሞተ ቀን ጽሑፉ ብቻውን መቆም አለበት።

ሌላው ነገር ዜና ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትዊተር ላይ የቴክኒክ ችግር ገጥሞናል ነበር ያለው። ከቀናት በኋላ ነገሩ የሳይበር ጥቃት መሆኑ ተነገረ። ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም መሆኑ የተረጋገጠው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ስሙንና የይለፍ ቃሉን እዚያ ላስመዘገበ ሰው ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ፖሊስና የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል ምርመራ ላይ ስለነበሩ ሁሉን መናገር እንደማይቻል ይገባኛል። ቢሆንም ፓስወርዳችሁን ሌላ ቦታ ከተጠቀማችሁበት ቀይሩ ማለት ምርመራ አያበላሽም። ያ ምክር መጥቷል፤ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።

ነገሩ የተስተካከለው በብሎጉ ላይ ረጋ ብለው መጻፍ ሲጀምሩ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ብሎጎች አንዱ ስለ ተቋሙ ሥራ የሚያወራ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ብዙም የማይታወቅ። ያ ብሎግ የቤቱ ዋና ድምፅ ሆነ። በዲሴምበር 15 የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሮሊ ኪቲንግ በራሳቸው ስም ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጡ። የደረሰውን ተናገሩ። ማገገሙ ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ ሳይሸፍኑ ገለጹ። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ እንደሚመለስ አስረዱ።

ትዊተር ላይ ሁለት መስመር ለመጻፍና በብሎግ ለመጻፍ ያለው ልዩነት እዚህ ይታያል። ሁለት መስመር ላይ ይቅርታ እንጠይቃለን ብሎ ማለፍ ይቻላል። ረጅም ጽሑፍ ግን ማብራሪያ ይጠይቃል። የቱ አገልግሎት አለ? የቱ የለም? መቼ ይመጣል? ዶክትሬት ጽሑፉን ሊጨርስ የተቃረበ ተማሪ የሚፈልገው ይህንን ነው። ጽሑፉ ደግሞ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ይቆያል። ከወር በኋላ የመጣም ሰው ያገኘዋል።

በጃንዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ሌላ ጽሑፍ ወጣ። ዋናው ካታሎግ ጃንዋሪ 15 እንደሚመለስ አስታወቀ። 36 ሚሊዮን መዝገብ የያዘ ካታሎግ ነው። ደስ የሚለው ግን ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ ብሎ አልዋሸም። መፈለግ ይቻላል፤ በኦንላይን ማዘዝ ግን አይቻልም። አንባቢው አዳራሽ መጥቶ ወረቀት ይሞላል፤ ሠራተኛው ዕቃው መኖሩን ራሱ ያጣራል። ዮርክሻየር ባለው ሌላው ማከማቻ የሚገኙት መጻሕፍት ለጊዜው አይመጡም። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ከሌላ ከተማ ባቡር ተሳፍሮ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። የተቋም ብሎግ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፦ የሰውን የመጓጓዣ ገንዘብና ቀን ማዳን።

ጉድለታቸውን ያተሙበት ቀን

ከሁሉ በላይ የማከብረው በማርች 8 ቀን 2024 ያደረጉትን ነው። ጥቃቱ እንዴት እንደደረሰ የሚተርክ 18 ገጽ ሰነድ አወጡ፤ ለሌሎች ይጠቅማሉ ያሏቸውን 16 ትምህርቶችም በውስጡ አስቀመጡ። ማንም ሰው እንዲያነበው በነፃ አወጡት፤ በብሎጉም ላይ አስተዋወቁት።

ሰነዱ ራሱን አያሞግስም። ጠላፊዎቹ የገቡት የውጭ ሰዎች ከርቀት ወደ ኔትወርኩ በሚገቡበት ሰርቨር በኩል ሳይሆን አይቀርም ይላል። በዚያ መግቢያ ላይ ከፓስወርድ ሌላ የሚጠይቅ ሁለተኛ ቁልፍ አልነበረም። ሌሎቹ ሲስተሞች ላይ ተገጥሞ፣ ያኛው በወጪና በአሠራር ምክንያት ቀርቶ ነበር። ጠላፊዎቹ ፓስፖርት የመሰሉ ቃላትን እየፈለጉ ፋይል እንደለቀሙም ይናገራል። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበራቸው። ግን ብዙዎቹ ሲስተሞች በጣም ከማርጀታቸው የተነሳ ባክአፑን መልሶ የሚጭኑበት ማሽን አልነበራቸውም። ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ተቋም ሊያነባት ይገባል። ባክአፕ አለን ብሎ መተኛት አይበቃም።

እንዲህ ዓይነት ሰነድ ማውጣት ቀላል አይደለም። ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህ ቢቀር ይሻላል ማለቱ አይቀርም። ግን ያ ሰነድ ሌሎች ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች የራሳቸውን ቤት የሚፈትሹበት መስፈሪያ ሆነ። እንዲህ ለመናገር ድፍረቱ በአንድ ቀን አልመጣም ብዬ አምናለሁ። ከ10 ዓመት በላይ አላውቅም ማለትን የተለማመደ ቤት ተሳስተናል ማለት ብዙ አልከበደውም።

እኛ ዘንድ

አገራችን ውስጥ ያሉ ብዙ ተቋማት ድምፃቸው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው። አልነቅፈውም። ሰው ያለው እዚያ ነው፤ ዳታውም ይቀንሳል። ችግሩ ሌላ ነው። ቴሌግራም ወንዝ ነው። ዛሬ የተለጠፈው ነገ ይወርዳል። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ አንድ መጽሐፍ የተጻፈን ማብራሪያ ፈልጉ ብትባሉ አውራ ጣታችሁ እስኪደክም ወደ ላይ ትጎትታላችሁ። ጉግልም አያመጣላችሁም። ስለዚህ ያ ሁሉ ልፋት ለአንድ ቀን ብቻ ይሆናል።

መላው ከባድ አይመስለኝም። ጽሑፉ ብሎግ ላይ ይውጣ፤ ቴሌግራሙ ወደዚያ ይጥራ። በሳምንት ሦስት መሆን የለበትም። በወር አንድ ይበቃል፤ ሳይቋረጥ ግን። ብዙ የተቋም ብሎግ የሚሞተው በጉጉት ተጀምሮ፣ የጀመረው ሰው ሥራ ሲለቅ ነው። ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል። ብሪቲሽ ላይብረሪ ይህን ያለፈው ብሎጎቹን ለክፍሎቹ በመስጠት ነው። አንዱ ቢሄድ ሌላው ይጽፋል።

ማን ይጻፍ ለሚለው ደግሞ ዕቃውን የሚነካው ሰው ይጻፍ። ወመዘክር ውስጥ ብራና ከማኅደሩ አውጥቶ አቧራውን የሚያራግፍ ሠራተኛ አለ። የድሮ ጋዜጣ የሚጠርዝ አለ። ትናንት አንድ አንባቢ ጠይቆት ግማሽ ቀን የፈለገለት ጥያቄ አለ። ያ ጥያቄና የተገኘበት መንገድ ሁለት ገጽ ይወጣዋል። አለቃ ሳይቆርጠው፣ በሠራተኛው ስም ቢወጣ የሚያነበው አይጠፋም። አርታኢ ያስፈልገዋል፤ አዎ። ፊደልና ዓመት የሚያጣራ አርታኢ። የቡድን ፎቶ የሚጨምር ግን አያስፈልገውም።

የታይፕፓድ መዘጋት

ታሪኩ በጠለፋው አላበቃም። በኦገስት 27 ቀን 2025 ታይፕፓድ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ከ2003 ጀምሮ የነበረ አገልግሎት ነው። የመጨረሻ ቀኑ ሴፕቴምበር 30 ሆነ። ደንበኞቹ ጽሑፋቸውን የሚያወጡበት 34 ቀን ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደሚጠፋ ተነገራቸው።

እነዚያ ጠላፊ ያልነካቸው ብሎጎች፣ ቀንድ አውጣው፣ የመቅደላ ብራናዎች ፎቶ፣ የጥቃቱ ወራት ማብራሪያዎች፣ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ከአደጋ ያዳናቸው የውጭ ቤት አከራይ በሩን ዘጋ። የብሪታንያን ድረ ገጾች ሰብስቦ ለታሪክ የሚያስቀምጠው የድረ ገጽ ማኅደር የሚተዳደረው በዚሁ ቤተ መጻሕፍትና በአጋሮቹ ነው። እሱም በ2023ቱ ጥቃት ለአንባቢ ተዘግቶ ነበር።

ብሎግ የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ተቋማት ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰው መድባችሁ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከነፎቶው በአንድ ፎልደር አውርዱት። አንዱን ቅጂ ዲስክ ላይ፣ ሌላውን ከቢሮው ውጭ አስቀምጡት። ዲስኩ ላይም የወረደበትን ቀን ጻፉበት።